የፍሬን ማቀዝቀዣ ቱቦ፦ ጥያቄና መልስ

መኪናችሁን በውድድር ሜዳ የምትነዱና ለፍሬኑ የአየር ቱቦ መግጠም ያሰባችሁ፣ ጠይቁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ቀይሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቱቦው አፍ የት ይረፍ?

መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ብዙ ሰው ወደ ዲስኩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት) ፊት ያዞረዋል። አየሩ መግባት ያለበት ግን ከውስጥ በኩል፣ በዲስኩ መሃል ነው። በሁለቱ ገጾች መካከል ያሉት ክንፎች ዲስኩ ሲዞር አየሩን ከመሃል ስበው በዳር ያስወጡታል። ሁለቱም ገጽ ተቀራርቦ ይቀዘቅዛል። አንዱን ገጽ ብቻ ካቀዘቀዝክ ሌላው እንደጋለ ይቀራል፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአቧራ መከላከያውን ላሜራ አውጣና ቱቦ የሚቀበል ላሜራ በልኩ አሠራ። ጠርዙ ወደ ዲስኩ ይጠጋ፣ ግን አይንካ። 75 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቱቦ ይበቃል። መግቢያውን ንፋስ ፊት ለፊት በሚመታው የፓራውልቱ ክፍል ላይ ክፈት።

ጥያቄ፦ የእኔ ፍሬን ይደክማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ይደክማል» ስትይ? ፔዳሉ ይሰምጣል ወይስ ጠንክሮ አልይዝ ይላል? ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ጠንክሮ እምቢ ካለ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ ከአቅሙ በላይ ግሏል፤ የሜዳ ሸራ ግዢ።

ጥያቄ፦ ዲስኬ ድፍን ነው፣ መሃሉ ክንፍ የለውም። ቱቦ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ትንሽ። ክንፍ ያለው ዲስክ ይቅደም።

አንድ አባል፦ ከቱቦ የተበሳሳ ዲስክ አይሻልም?

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀዳዳው ነው።

የመጀመሪያው፦ ከፋብሪካ ተበስቶ የሚመጣ አለ እኮ!

መልስ፦ የያዝነው የቱቦ ጉዳይ ነው። ለሜዳ ያልተበሳ ግዙ። በቃ።

ጥያቄ፦ ፍሬኔ ይግላል፣ ቱቦ ልግጠም?

መልስ፦ አሁን መለስኩ እኮ። ዘይት! ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ቱቦው ጎማ እንዳይነካ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙር። ጎማውን ከፍና ዝቅ እያደረግክ እይ። የፍሬን ዘይት መስመሩንም እንዳይፈትግ። ዲስኩ አጠገብ በፕላስቲክ ማሰሪያ አትሰር፣ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ቱቦ ከገጠምኩ ማቀዝቀዣ ዙር ይቀራል?

መልስ፦ በፍጹም። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን እየቆጠብክ ቀስ ብለህ ንዳ። ስትቆም የእጅ ፍሬን አትያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። ዘይቱንም ቀይር!