«ወንድ ልጃዊ ፈገግታ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አራት ኪሎ አካባቢ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ስለ አንድ የሃምሳ ዓመት ሙዚቀኛ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስተረጉም «boyish» የተባለውን ፈገግታውን «ወንድ ልጃዊ» አልኩት። አርታኢያችን ሰረዘውና ሰውየውን «ልጅ እግር» ብሎ አረፈው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም አልሆነላችሁም። «መንፈሳዊ»፣ «ዘመናዊ» እንላለን። «ልጃዊ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ማንም ሲለው ሰምቼ አላውቅም። «ልጅ እግር» ደግሞ የሚናገረው ስለ ዕድሜ ነው። የሃያ ዓመት ሰው ልጅ እግር ነው። የሃምሳ ዓመቱ ሰውዬ ፈገግታው ምንም ቢያምር ልጅ እግር አይሆንም።

አማርኛ ይህን ነገር በአንድ ቅጽል አይጨርሰውም። የሰውየው ምኑ ልጅ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። «ፊቱ ልጅ ነው» ካልን አሞገስነው፤ ዕድሜው አይታይበትም ማለታችን ነው። «ጠባዩ የልጅ ነው» ካልን ሰደብነው። «ተወው፣ ልጅ ነው» እንደ አነጋገሩ ነው፤ አንዳንዴ ይቅርታ፣ አንዳንዴ ንቀት። «እንደ ጎረምሳ ያደርገዋል» የሚለውንማ ለሙዚቀኛዎ እንዳይሞክሩት! አንባቢው ሴት የሚያሳድድ ሽማግሌ ነው የሚታየው።

«ልጅ» ብቻውን ሲቆም ደግሞ ወጣትነትን ላያመለክት ይችላል። ፒያሳ ላይ ጸጉራቸው የሸበተ አባት «እኔ እኮ የአራዳ ልጅ ነኝ» ቢሉ ማንም አይስቅባቸውም። የሰፈሩ ሰው ነኝ፣ ነቄ ነኝ ማለታቸው ነው። በመኳንንቱ ዘንድም ማዕረግ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ያኔ ከአርባ ዓመት በላይ ነበሩ።

«boyish» የተባለው ስለ ሴት ከሆነ ብዙ ሰው ወደ «ወንዳወንድ» ይሮጣል። እሱ ጠባይ ነው፤ ዛፍ የምትወጣ፣ ከወንዶች ጋር ኳስ የምትራገጥ ልጅ ይባልባታል። አባት በኩራት ይለዋል፣ ጎረቤት በአሽሙር። ጸጉሯን ላሳጠረች ሴት ግን «በአጭሩ ተቆርጣለች» ይበቃል።

ለሙዚቀኛዎ «ሲስቅ ልጅ ይመስላል» ብለው ይጻፉ። አርታኢው ይህንንም ከሰረዘ ወደ እኔ ይላኩት።