መልስ፦ ምልክት ባይኖርም ትመርመር

ጓደኛሽ ቡና ቤት እንደምትሠራ፣ ምንም ስለማይሰማት «ምርመራ ምን ያደርግልኛል» እንዳለችሽ ጽፈሻል። ብዙ ያደርግላታል እህቴ። ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባሉት የአባላዘር በሽታዎች ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም፤ ውስጥ ለውስጥ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጡና ቆይተው መካን ሊያደርጉ ይችላሉ። የቂጥኝ የመጀመሪያው ቁስልም ብዙ ጊዜ ስለማያም ሳይታይ ይሽራል፣ በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ደግነቱ ሦስቱም በመድኃኒት ይድናሉ።

ጤና ጣቢያ ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በምልክት ነው፣ ፈሳሽ ወይም ቁስል ታይቶ። ስለዚህ ዝም ብላ አትቀመጥ፤ ሥራዋን ሳታፍር ተናግራ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ትጠይቅ። ኤችአይቪ ከሌለባት ስለ ፕሬፕም ትጠይቅ፣ በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ ክኒን ነው። ጨብጥና ቂጥኝን ግን አይከላከልም፣ ስለዚህ ኮንዶሙ አይቀርም።

«ደንበኛው ኮንዶም እምቢ ካለስ?» ላልሽው፣ እውነቱን ለመናገር ሸክሙን ሁሉ ሴቷ ላይ መጣል ያናድደኛል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 በራችቡሪ ክፍለ ሀገር ጀምራ በ1991 በመላ አገሪቱ ያስፋፋችው አሠራር ኮንዶምን ወሲብ በሚሸጥባቸው ቤቶች ሁሉ ግዴታ አደረገው፤ እዚህ እምቢ የተባለ ሰው ጎረቤት ቤት ሄዶም እንዳያገኝ ማለት ነው። በ1989 14 በመቶ ገደማ የነበረው የኮንዶም አጠቃቀም በ1993 94 በመቶ ደረሰ፣ የአባላዘር በሽታም በጣም ቀነሰ። (ደንቡን ለማስከበር ፖሊስ መግባቱን ግን እኔም አልወደውም።) እናንተ ጋ ደንቡ ባይኖርም፣ አንድ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ተነጋግረው «ያለ ኮንዶም የለም» ቢሉ ባለቤቱም መስማቱ አይቀርም።