ብሌንድ፣ ኢንሲፒድ እና አልጫ

ጥያቄ፦ ለአንድ ቡና ቆይ (ቡና ቆልቶ የሚሸጥ) ድርጅት የማሸጊያ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ብሌንድ»ን «ድብልቅ» ብዬ ብጽፈው አለቃዬ አልወደደውም። «ኢንሲፒድ» ደግሞ መዝገበ ቃላቱ ላይ «አልጫ» ተብሏል። አልጫ ወጥ ግን የሚጣፍጥ ምግብ አይደለም እንዴ? የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ተቀራራቢ ናቸው ትላለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ከባልደረባዎ ልጀምር። አይቀራረቡም። እሷ የተምታታባት «ብላንድ» ከሚለው ቃል ጋር ይመስለኛል። በፊደላችን ሲጻፉ ልዩነታቸው የ«ላ» እና የ«ሌ» ብቻ ነው፤ መሳሳት አይፈረድባትም። «ብሌንድ» ማለት መቀላቀል ነው። «ብላንድ» ከላቲን የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ ለስላሳ፣ የማይቆረቁር ማለት ነው። የ«ኢንሲፒድ» ጎረቤት ይኸኛው ነው።

ጎረቤት ይሁኑ እንጂ አንድ አይደሉም። ሐኪም ጨጓራው የታመመን ሰው «ብላንድ» ምግብ ብላ ይለዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ይቅርብህ ማለቱ ነው። «ኢንሲፒድ» ብላ የሚል ሐኪም ግን የለም። ቃሉ ወቀሳ ነው፤ ጣዕም ሊኖረው ሲገባ የሌለውን ነገር ያማል።

አሁን ወደ አልጫ እንምጣ። አማርኛ ሁለቱንም ትርጉም ያሸከመው ለዚህ አንድ ቃል ነው። ምግብ ቤት ገብተው «ቀይ ነው አልጫ?» ሲሉ ስለ ጣዕም ማጣት አልጠየቁም። በርበሬ የገባበትን ካልገባበት መለየትዎ ነው። አልጫ ወጥ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ ገብቶበት ጣት ያስቆረጥማል። «ወጡ አልጫ አልጫ አለኝ» ሲሉ ግን ባለሙያዋ ቅር ይላታል። ጨው አነሰው፣ አልጣፈጠም ማለትዎ ነዋ! ስለዚህ አልጫ ከምግብ ስም ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ዓይነት ይነግራል፤ «አለኝ» ወይም «ሆነብኝ» ሲከተለው ቅሬታ ይሆናል።

መዝገበ ቃላትዎ የያዘው ሁለተኛውን ነው፣ አልተሳሳተም። በማቴዎስ 5፥13 «ጨው አልጫ ቢሆን ግን በምን ይጣፍጣል?» የሚለውን ያስታውሱ። ጨው በርበሬ ስለሌለው አይደለም አልጫ የተባለው። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። የግሪኩ ጽሑፍ በዚህ ቦታ የሚጠቀመው ግስ በቁሙ «ሞኝ ሆነ» ማለት ነው። የ«ኢንሲፒድ» ሥር የሆነው የላቲን ግስም መቅመስንም ማወቅንም ይይዛል። ዕብራይስጥ ውስጥ ከኛ «ጣዕም» ጋር የሚዛመደው ቃል ደግሞ ጣዕምም ምክንያትም ነው። ምላስና አእምሮ በብዙ ቋንቋ ይዋዋሳሉ። እኛም ጣዕም የሌለውን ንግግር አልጫ ንግግር እንላለን። ሰውየው ራሱ ሲሰለች ግን «ለዛ ቢስ» ይሻላል፤ ለዛ የአንደበትና የጨዋታ ነውና።

ቡናን «ለዛ ቢስ» ማለት ለኔ ጆሮ አይጥምም። «አልጫ ቡና»ም ብዙ አልሰማሁም። ቡና ጠጪ የሚለው «ውሃ ውሃ ይላል» ነው። «ኢንሲፒድ»ን እዚህ ማሸጊያ ላይ ለመመለስ ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

«ድብልቅ» ላይ ከአለቃዎ ጋር ነኝ። ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም፤ በሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ገበያ ላይ ግን ሽታው ሌላ ነው። ነገር ሲተራመስ «ድብልቅልቁ ወጣ» እንላለን። ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ተደባልቆ ተያዘ የሚል ዜና የሰማ ገዢ «የተደባለቀ ቡና» ሲያነብ ማሸጊያውን ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። እንግሊዝኛው «ብሌንድ» በቡና ቆይ አፍ ሙያ ነው፤ የአንዱን ቡና መራርነት በሌላው ጣፋጭነት ማመጣጠን።

«ውህድ» የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ውህደት አንድ መሆን ነው። ቤተ ክርስቲያን «ተዋሕዶ» ስትል ሊቃውንቱ «ያለ ቱሳሔ» ብለው ያጠብቁታል፤ ቱሳሔ በግእዝ መደባለቅ ነው። እንግዲህ ውህደት ከድብልቅ ጋር እንዳይምታታ ይህን ያህል የተጠነቀቁለት ቃል ነው። የይርጋጨፌና የሐረር ፍሬ ግን አንድ ከረጢት ውስጥ ቢገባም ዓይኑ የሠላ ሰው ለቅሞ ሊለየው ይችላል።

«ቅልቅል» ከ«ድብልቅ» ይሻላል። ለስለስ ያለ ነው፤ ከሠርግ በኋላ የሁለቱ ቤተሰቦች ግብዣ የሚጠራበትም ስም ነው፣ ደግ ትዝታ አለው። ቢሆንም «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት» የሚለው ሐረግ እሱንም ነካክቶታል።

የኔ ምርጫ ከማጀት የመጣ ነው፦ «ምጥን»። ምጥን ሽሮ የሚያዘጋጁ እናቶች ክኩን፣ በርበሬውንና ቅመሙን በልክ ለክተው ነው የሚያስፈጩት። «መጠነ» የሚለው ግስ ልክን ይናገራል፣ ባለሙያ እጅ እንዳለበት ይመሰክራል። «ምጥን ቡና» መጀመሪያ ጆሮ ላይ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሥሩ በትንሽ ፊደል «የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ቅልቅል» ብለው ይጨምሩ። ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ከተጻፈ ገዢው ባዕድ ነገር አይጠረጥርም። አለቃዎ «ምጥን»ን እምቢ ካሉም ይህችው መስመር ብቻዋን ትበቃለች።