እንግዴ ልጁን ሳታዩ አትጣሉት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ነጭ ጋዋን የለበሳችሁ ሐኪሞች፣ አዋላጆችና ነርሶች፣ ይቺን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሕፃናት ሳክም ነው ያረጀሁት፤ ጡረታ ከወጣሁም ቆየሁ። ብዙ የምመክረው ነበረኝ። ዛሬ ግን ስለ መንታ ብቻ ላውራችሁ።

መንታ ሲወለድ ማዋለጃ ክፍሉ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አንዱ ያለቅሳል፣ ሁለተኛው ገና ነው፣ ሰው ይሯሯጣል። ሁለቱም በሰላም ከወጡ በኋላ እንግዴ ልጁ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ባልዲውም ይወጣል። ካርዱ ላይ «መንታ፣ ሁለቱም ሴት» ተብሎ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ እኔ የምፈልገው ነገር ከባልዲው ጋር ሄዷል።

ሁለቱን ልጆች የሚለየውን ሽፋን ማለቴ ነው። በእጃችሁ ያዙትና ወደ መብራቱ ከፍ አድርጉት። ስስ ሆኖ ጣታችሁን ከኋላው ካሳያችሁ፣ ስትልጡትም ሁለት ንብርብር ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹ ከአንድ እንቁላል የመጡ ናቸው። ወፈር ካለና መሃሉ ላይ ሌላ ንብርብር ካገኛችሁ ደግሞ፣ ሁለት እንግዴ ልጆች ተጣብቀው ነው አንድ የመሰሉት። ያኔ ቶሎ አትፍረዱ። ከአንድ እንቁላል መጥተው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለያዩ መንታዎችም እንዲህ ይሆናሉ። ጾታቸው ወይም የደም ዓይነታቸው ከተለያየ ግን ከሁለት እንቁላል ናቸው። ያያችሁትን ጻፉት። ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጅባችሁ።

ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ከሁለት እንቁላል የመጡ መንታዎች በዘር ጉዳይ እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው። አልቢኒዝምን፣ ቆዳና ፀጉር ቀለም የሚያጡበትን ማለቴ ነው፣ ውሰዱ። እናትም አባትም ሳይታወቅባቸው ጂኑን ከያዙ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ዕጣ ይወጣል፤ ከ4 ዕጣ አንዱ አልቢኖ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ። «ይሄኛው የማን ልጅ ነው?» ብሎ ቤቱን ያመሰ አባት አጋጥሞኛል። ቁጭ አድርጌ ነገርኩት፤ ከእናት ብቻ በመጣ ጂን እንዲህ አይኮንም፣ ከአባትም መምጣት አለበት። ዝም አለ። የሚስቱን ዓይን ግን ማየት ከብዶት ነበር።

ከአንድ እንቁላል የመጡት ነገራቸው ሌላ ነው። ጂናቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በ2021 የወጣ የአይስላንድ ጥናት እንኳ በፅንስነታቸው መጀመሪያ ላይ የተፈጠረ በአማካይ 5 ያህል ልዩነት ነው ያገኘባቸው። ጂኖቹን የሚሸከሙት ክሮች፣ ክሮሞዞም የምንላቸው፣ ችግር አንዷ ላይ ካለ ሁለተኛዋ ላይም መኖሩ አይቀርም ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። ሁሉም ነገር እንደዚያ እንዳይመስላችሁ ግን። ቆልማማ እግርን እዩ። ከአንድ እንቁላል ከመጡ መንታዎች አንዱ ቆልማማ ሲሆን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ እግሩ ቀጥ ያለ ነው። ጂን ብቻውን አይሠራም። እንግዲህ ያኔ ነው አማት «እርጉዝ ሆና በፀሐይ ግርዶሽ ወጥታ ነው» ብላ ምራቷ ላይ የምትነሳው። ሙግት አትግጠሙ። አንድ ቀን፣ አንድ ማህፀን፣ ሁለቱም አብረው ነበሩ በሏት፤ ግርዶሹ አንዱን ብቻ መርጦ ነው? ከዚያ ልጁን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጄሶ ወደሚሠራለት ቦታ ላኩት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ወጣት ነበርኩ። አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ለ45 ቀን ክትባት መጣች። አንደኛዋን ሳቅፋት እንደ እርጥብ ጨርቅ ከእጄ ላይ ተዘረጋች። ዓይኗ ወደ ላይ ዘንበል ያለ፣ መዳፏ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው። የልጅን የአእምሮና የአካል እድገት የሚያዘገየው ዳውን ሲንድሮም መሆኑ አልጠፋኝም። ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም ስላለ 46 መሆን የነበረበት 47 ሲሆን የሚመጣ ነው፤ ይሄ የታወቀው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ግማሽ ያህሎቹ ልባቸው ላይም ችግር ስለሚኖር ልቧን ደጋግሜ አዳመጥኩ። ጎበዝ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ።

እናትየዋ «እኔም እለያቸዋለሁ እንዴ፣ አንድ ናቸው እኮ» ብላኝ ነበር። እኔም አመንኳት። እንግዴ ልጁን ያየ የለም፣ ካርዱ ላይ የተጻፈ የለም፣ ክሮሞዞም የሚያይ ምርመራ በእጃችን አልነበረም። ከአንድ እንቁላል ከሆኑ ሁለቱም ላይ ይኖራል፤ መጽሐፉ የሚለው ይሄን ነው። ስለዚህ «ሁለተኛዋም ላይ በጊዜው ይታያል» አልኳት።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ አንዷን ጉንፋን ይዟት ነው። ሁለቱም አብረዋት ነበሩ። ደህነኛዋ አግዳሚው ሥር ተንበርክካ የእህቷን ጫማ እያሰረች «አንድ፣ ሁለት» ትቆጥራለች። መልካቸው ያኔ ግልጽ ነበር፣ እንደ ማንኛውም እህትማማቾች ነው የሚመሳሰሉት። እናትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ዶክተር፣ ይቺኛዋ የምትታመመው መቼ ነው?»

አራት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ትምህርት ቤት አላስገባቻትም፤ ምን ያደርግላታል ብላ።

ካርዱን አስወጣሁ። ስለ መጀመሪያዋ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ስለ ሁለተኛዋ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ቃል ብቻ፦ «እንደ እህቷ»።