ማርጊት ላይ ለተቸገርከው ወንድሜ፦ ሩንህን ስትሬንግዝ ላይ አትጨርስ

«ኤልደን ሪንግን ፒያሳ አካባቢ ባለ ጌም ቤት ጀምሬ ማርጊት ላይ ከሃያ ጊዜ በላይ ሞትኩ፤ የሰበሰብኩትን ሩን ስትሬንግዝ ላይ ላውለው ወይስ ሌላ ሰይፍ ልፈልግ?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ኤልደን ሪንግ የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ ማርጊት መጀመሪያ አካባቢ መንገድ የሚዘጋ ኃይለኛ ጠላት፣ ሩን ጠላት ስትገድል የምታገኘውና ደረጃ ለመጨመር የምትከፍለው ገንዘብ፣ ስትሬንግዝ ደግሞ የጉልበት ነጥብ ነው። ይህንን የምልህ ያንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄ፣ ለተሳሳተው መልስ ሁለት ወር ሙሉ የሰዓት ሒሳብ የከፈልኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። እንደ እኔ ቫጋቦንድ በሚባለው ተዋጊ ጀምረህ ሎንግሶርድ የተባለውን ሰይፉን እንደያዝክ ቆጥሬ ልጻፍልህ።

1. ሩንህን መጀመሪያ ቪገር (የሕይወትህን መጠን የሚወስነው ነጥብ) ላይ አውል። ቫጋቦንድ ሲጀምር ቪገሩ 15 ነው፤ 25 ስታደርሰው ሕይወትህ 800፣ 40 ስታደርሰው ደግሞ 1450 ይሆናል። እኔ ግን «ቶሎ ከገደልኩት መቼ ይገድለኛል?» በሚል ስሌት አሥራ ሁለት ደረጃ በተከታታይ ስትሬንግዝ ላይ ጨመርኩ። ያልተሻሻለ ሰይፍ ከያዡ ጉልበት የሚያገኘው ጭማሪ አነስተኛ በመሆኑ የማርጊት ደም እንደ ወትሮው በጥቂት በጥቂቱ ሲቀንስ፣ እኔ ግን በሁለት በሦስት ምት እዘረር ነበር። ይባስ ብሎ፣ ያለ ቦታው የገባውን ነጥብ አንሥቶ እንደገና መደልደል የሚቻለው በራያ ሉካሪያ አካዳሚ ሬናላ የምትባለውን ሌላ ኃይለኛ ጠላት ካሸነፉ በኋላ ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ጊዜ ላርቫል ቲር የሚባል ዕቃ ይጠይቃል። ማርጊትን ማለፍ ላቃተው ሰው ሬናላ የት አለች?

2. ሰይፉን አትቀይር፣ አሻሽለው። በኤሌህ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ ያለው መስፍ መሣሪያህን እስከ ፕላስ 3 (ሦስተኛው የማሻሻያ ደረጃ) ያደርስልሃል። ለመጀመሪያው 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6፣ በድምሩ 12 የአንደኛ ደረጃ ስሚዚንግ ስቶን (የማሻሻያ ድንጋይ) ያስፈልግሃል። እዚያው የሚቀመጠው ነጋዴ ካሌ ጥቂት ይሸጥልሃል፤ የቀረውን ከአጊል ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው የሊምግሬቭ የማዕድን ዋሻ ታገኘዋለህ። ከፕላስ 3 በላይ የሚሠራልህ ራውንድቴብል በሚባለው መጠለያ ያለው አንጥረኛው ሂዩግ ነው። እኔ ይህንን ዋሻ «የድንጋይ ለቃሚ ሥራ» ብዬ ንቄ አልፌው ነበር።

3. ከምት ለማምለጥ መንከባለሉን በሚመለከት ሁሉም ሰው «ሰዓቱን ጠብቅ» ይልሃል፣ ነገር ግን ሰዓቱ ከምን እንደሚቆጠር የሚነግርህ የለም። በዚህ ጨዋታ የክብ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ለሩጫ ስለሚያገለግል፣ ሰውየው የሚንከባለለው ቁልፉን በተጫንክበት ቅጽበት ሳይሆን በለቀቅክበት ቅጽበት ነው። እኔ የምጫወትበት ጌም ቤት ጆይስቲክ ደግሞ የክብ ቁልፉ ለስላሳ መጠጥ ፈስሶበት ይጣበቅ ነበር፤ ስትጫነው ይወርዳል፣ ስትለቀው ግን ጥቂት ቆይቶ ጧ ብሎ ይመለሳል። ማርጊት ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ «አሁን መታኝ» ስትል ቆም ብሎ፣ አንተ ተንከባልለህ ስትነሣ ጠብቆ የሚያወርድ ተንኮለኛ ነው፤ በእንደዚህ ያለ ጆይስቲክ እርሱን መግጠም ማለት እግርን አስሮ እስክስታ መውረድ ነው። ጆይስቲኩን እንዲቀይሩልኝ በትሕትና ብጠይቅ፣ ሒሳብ ተቀባዩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ሌላው ሲጫወትበት ምንም አላለም፤ አንተ ስትሸነፍ ነው እንዴ የሚበላሸው?» አለኝ። አጠገቤ ፊፋ የሚጫወቱት ልጆች በሙሉ ሳቁ።

በዚህ ብቻ ቢበቃ ጥሩ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ቤታችን በእንግዳ ስለተጨናነቀ ለአራት ቀን ሳልሄድ ቀረሁ፤ ስመለስ አንድ ሰው በእኔ ገጸ ባሕርይ ሲጫወትበት ሰንብቶ፣ ለቪገር ያጠራቀምኩትን ከአሥር ሺህ በላይ ሩን ሞቶ ጥሎታል። እርሱን ሳያነሣ ድጋሚ ስለሞተ ደግሞ ለዘለዓለም ጠፍቷል። ተቆጣጣሪ የተባለው ሰው «ጨዋታ እኮ ነው» ብሎ አለፈኝ። ስለዚህ ሩን ይዘህ ከጌም ቤት አትውጣ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሩንህን ወደ ደረጃ ለመቀየር ተጠቀምባቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ያገለገለ ፒኤስ 4 ገዝቼ አዘዞ ቤቴ ያስገባሁት። መብራት መጥፋቱን አትፍራ፤ ጨዋታው በየጊዜው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። አንድ ምሽት ማርጊት አንድ ምት ሲቀረው መብራት ሄደብኝ፤ ሲመጣ ወደ ማርጊት ከሚያስገባው የጭጋግ በር ውጭ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ማርጊት ሙሉ ደሙን ይዞ ቢጠብቀኝም ሩኔ አልተነካም ነበር።

በማግስቱ በቪገር 25 እና በፕላስ 3 ሰይፍ ገባሁ። ሬና የምትባለው ጠንቋይ በሰጠችኝ ደወል የሚያግዙኝን የተኩላ መናፍስት ጠርቼ፣ እርሱ ወደ እነርሱ ሲዞር ከኋላው መታሁት። ፍላስኬን (ሕይወት የሚመልሰውን መጠጥ) የጠጣሁት ርቄ ሳይሆን ምቱን ጨርሶ ሲያገግም ነበር፣ ምክንያቱም ርቀህ ስትጠጣ ካየህ ወርቃማ ጩቤውን ይወረውርብሃል። በሦስተኛው ሙከራ ወደቀ። ታናሽ እህቴ እንጀራ እየጋገረች ስለነበር ጩኸቴን ሰምታ ምጣዱን ትታ ሮጠች፤ የዚያን ዕለት አንድ እንጀራ አርሮብናል። አንተም ሰይፍህ ፕላስ ስንት እንደሆነና ቪገርህ ስንት እንደደረሰ ጻፍልኝ፤ ወደ ጌም ቤቱ ስትመለስም ከመክፈልህ በፊት የክብ ቁልፉን ተጭነህ ለቀቅ አድርገህ ፈትሸው።