አራተኛው ስክሪን ለምን ምስሉን ያሰፋል?

ጥያቄ፦ የምሠራው ሐዋሳ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። አራት ባለ55 ኢንች ስክሪኖች አንድ ምስል በጋራ እንዲያሳዩ (ቪዲዮ ዎል) ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ተገጥመዋል። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የታችኛው ቀኝ ስክሪን ምስሉን አስፍቶ ማሳየት ጀመረ። አንድ ባለሙያ መጥቶ በስክሪኖቹ ዙም (ምስል ማጉያ ቅንብር) አስተካክሎልን ነበር። አሁን ግን የተናጋሪው ፊት መሃል ላይ ይሰበራል፤ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍም ይቆረጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምጠረጥረው ኦቨርስካንን፣ ማለትም ስክሪኑ የምስሉን ጠርዝ ቆርጦ የሚያሰፋበትን ቅንብር ነው። ያ ስክሪን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሳይመለስ አልቀረም። ብዙ ስክሪኖች በፋብሪካ ቅንብራቸው የምስሉን ጠርዝ ቆርጠው የቀረውን ይለጥጡታል። የመጣው ባለሙያ ደግሞ ጥፋቱን ትቶ ሦስቱን ደህና ስክሪኖች ከተበላሸው ጋር ሊያመሳስል የሞከረ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሥራ በጣም ያናድደኛል። የተበላሸው አንድ ነበር፤ አሁን አራቱም ተበላሹ።

ስለዚህ መጀመሪያ የእሱን ሥራ አፍርስ። በአራቱም ላይ ፖዚሽኑን (ምስሉን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ታች የሚያንቀሳቅሰውን ቅንብር) ዜሮ፣ ዙሙን 100 አድርግ፤ ኦቨርስካንን አጥፋ። ሪሞቱ አራቱንም አንድ ላይ ስለሚያዝ፣ የማትፈልጋቸውን ስክሪኖች የሪሞት መቀበያ በካርቶን ሸፍን። ላፕቶፑን 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ ላይ አድርገህ ትልቅ ክብና ከጥግ እስከ ጥግ የሚያልፍ ሰያፍ መስመር ያለበት ምስል ክፈት። ከዚያ ወደ ታይል ሜኑ ግባ፤ እያንዳንዱ ስክሪን የምስሉን የትኛውን ክፍል እንደሚያሳይ የሚነገረው እዚያ ነው። ረድፍ 2፣ ዓምድ 2። ቁጥሩ ከፊት ሆነህ ስታይ ከላይ ግራ 1፣ ከላይ ቀኝ 2፣ ከታች ግራ 3፣ ከታች ቀኝ 4 ነው።

ከጀርባ ኬብል የምትነካ ከሆነ ግን አስቀድመህ ብሬከሩን አጥፋ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ 220 ቮልቱ አሁንም ውስጥ አለ። ብረቱ ከነዘረህ የግራውንድ ችግር አለና ኤሌክትሪሻን ሳያየው አትቀጥል።

አሁን ስለ ፍሬሙ ላስረዳህ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመስኮት ወደ መንገድ ስታይ የመስኮቱ እንጨት የሚያልፈውን ሰው ይጋርድሃል እንጂ ለሁለት ከፍሎ አያራርቀውም። ቪዲዮ ዎልም እንደዚያው መሆን አለበት። በ55 ኢንች ፉል ኤችዲ ፓነል ላይ አንድ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ነጥብ) 0.63 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሁለት ስክሪኖች ምስል መሃል ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊሜትር ከሆነ 5 ወይም 6 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። ስክሪኑ ያን ያህል ፒክስል ከፍሬሙ ጀርባ እንዳለ ቆጥሮ ካልደበቀው ምስሉ በክፍተቱ ልክ ይራራቃል። ሰያፉ መስመር መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይሠራል፤ የሰው ፊትም ይሰበራል። ይህን የሚያስተካክለው ታይል ሜኑ ውስጥ ያለው የፍሬም ማካካሻ ነው፤ አንዳንዱ ስክሪን ናቹራል ሞድ ይለዋል። በአራቱም ላይ እኩል አብራው። የሚደበቀው ቦታ ላይ ያለ ፊደል ስለሚጎድል ትንንሽ ጽሑፍ መጋጠሚያው ላይ አታሳርፍ።

ፖዚሽንን የምትነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ለጥቂት ፒክስል። ከዚያ በላይ ከፈለገ ሌላ ቦታ ያልታየ ጥፋት አለ።

አራቱም እኩል ከሆኑ በኋላ የምስሉ ዙሪያ አሁንም ከተቆረጠ ስፕሊተሩን፣ ማለትም የላፕቶፑን ምስል ለአራቱ ስክሪኖች የሚያከፋፍለውን ሳጥን ተጠራጠር። ርካሾቹ ለላፕቶፑ የተሳሳተ የስክሪን መጠን ይነግሩታል። ላፕቶፑን ያለ እሱ በቀጥታ ሞክረው። አራተኛው ብቻ ካስቸገረ ብሬከሩን አጥፍተህ፣ ደግሜ እላለሁ አጥፍተህ፣ የ3ንና የ4ን ኤችዲኤምአይ ኬብል አቀያይር። ችግሩ ወደ 3 ከሄደ ኬብሉን ወይም የሚመጣበትን መስመር ቀይር። እዚያው 4 ላይ ከቀረ ፓነሉ ራሱ ነው። እሱን ለማውጣት ሁለት ሰው ሁኑ፤ ጠርዙን በጣት አትጫኑት፣ ይሰነጠቃል።