ጳጳስ የሌለው ቤተ መቅደስ

ወንድሜ፣ ሲክ የሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው የሥራ ባልደረባህ የጉርድዋራቸው (የቤተ መቅደሳቸው) ኮሚቴ ተጣልቶ ፍርድ ቤት መድረሱን ነግሮህ፣ «ጳጳስ የላቸውም እንዴ? ማን ነው የሚዳኛቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የተማርኩት ሕንድ ውስጥ ፑንጃብ፣ ፓቲያላ ከተማ ነው። አሁን እንግሊዝ በሒሳብ ሥራ ስለምተዳደር የአንድ ጉርድዋራን መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ።

ጳጳስ የላቸውም። ቅስናም የለም። ቅዱስ መጽሐፋቸውን የሚያነበው ግራንቲ የኮሚቴው ተቀጣሪ ነው። ኮሚቴው ሲያጠፋ እንዴት ይገሥጸው? ደሞዙን የሚከፍሉት እነሱ ናቸዋ!

ነገሩ ከድሮም ደም የፈሰሰበት ነው። በእንግሊዞች ዘመን ማሃንት የሚባሉ አለቆች ብዙ መቅደሶችን የግል ርስት አድርገው ይዘው ነበር። በ1920 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሲኮች አምሪትሳር ላይ የራሳቸውን ኮሚቴ አቋቋሙ። በዓመቱ ናንካና ሳሂብ ላይ የማሃንቱ ሰዎች ወደ መቅደሱ የገቡትን ሲኮች ጨፈጨፏቸው። የ1925ቱ ሕግ የፑንጃብን ታሪካዊ ጉርድዋራዎች በምርጫ ለሚሰየም ኮሚቴ ሰጠ። ሴቶችም ያኔውኑ መምረጥ ቻሉ።

ኮሚቴው ዛሬም አለ። ከ191 አባላቱ 170ው በምርጫ ይገባሉ። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ግን ከ2011 ምርጫ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሌላ ሳይደረግ ቆየ። ሃይማኖቱ ፀጉር አትቁረጡ ስለሚል፣ ፀጉራቸውን የሚቆረጡት ይምረጡ አይምረጡ የሚለው ክርክር ብቻውን ዓመታት በላ።

እንግሊዝ ያለው ጉርድዋራ ግን ከዚያ ኮሚቴ ሥር አይደለም። አብዛኛው ለብቻው የቆመ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ የራሱ ደንብና ባለአደራዎች አሉት። ጠቡ ፍርድ ቤት የሚሄደው ለዚህ ነው።

እኔ ባየሁት ቦታ ምርጫ ሲቃረብ አባል ይበዛል። አንዱ የዘመድ አዝማዱን መዋጮ በአንድ ቼክ ይከፍላል። ጎላክ የሚሉት ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ደግሞ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሳንቲሙን ይለያሉ፣ የወረቀቱን ብር በላስቲክ ያስራሉ። ቆጣሪዎቹ ሁሉ የአንድ ቡድን ሰዎች ነበሩ። ቅጹ ላይ የፈረመው አንድ ሰው፣ ያውም በእርሳስ! ሲሰርቁ አላየሁም። ሌባ ሲባሉ ግን የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም።

ወጥ ቤቱን ተመልከት። ተማሪ ሳለን ገንዘብ ሲያጥረን ዱክ ኒዋራን ሳሂብ ወደሚባለው የፓቲያላ ጉርድዋራ ሄደን ዳልና ሮቲ (የምስር ወጥና ቂጣ) በነጻ እንበላ ነበር። ማን ናችሁ ያለን የለም። ላንጋሩ፣ ማለትም ለማንም በነጻ የሚቀርበው ምግብ፣ ሰው ሁሉ እያየው ስለሚበስል ብዙ አያጣላም። ገንዘቡ ግን በር ተዘግቶ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ «ምርጫ ይደረግ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የአባላት መዝገብ ከምርጫው በፊት ቀደም ብሎ ይዘጋ። አስመራጩ ከውጭ ይምጣ። ጎላኩን ሁለቱም ወገኖች ቆጥረው በእስክሪብቶ ይፈርሙ፤ ድምሩም ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ጫማ ማውለቂያው ጋ ይለጠፍ። ሊቀ መንበር ከሁለት ዙር በላይ አይቆይ። ግራንቲውንም ያለ ጉባኤ ውሳኔ ማባረር አይቻል።

ባልደረባህ መጀመሪያ የደንቡን ቅጂ ይጠይቅ። የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ በበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ የባለአደራዎቹን ስም ያገኛል። ገቢው ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ከሆነ ዓመታዊ ሒሳቡም እዚያው አለ።